ከጉልቻ እስከ አውራ ጎዳና፦ የጭስና የጤና ታሪክ ከመካነ ሰላም ደጋ እስከ አዲስ አበባ

የከተማ አየር ብክለት ሲነሣ በአብዛኞቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው የመኪናና የፋብሪካ ጭስ ነው። ይህን አስተሳሰብ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሕክምና መጻሕፍት ወርሰነዋል ቢባል ስሕተት አይሆንም። የእኛ አገር ታሪክ ግን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። በደጋው ጎጆ ውስጥ፣ ከሦስቱ ጉልቻዎች መካከል ይነሣና ከማገዶ ተሸካሚው ጋር ወደ ከተማ ይገባል፤ የናፍጣው ጭስ የሚደረብበት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጉዞ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም ከመካነ ሰላም ዙሪያ ተነሥተን ለመከታተል እንሞክራለን። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋው፣ ቤቱና ኩበቱ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሓ ያሽቆለቁላል፤ ወደ አማራ ሳይንትና ወደ ለጋምቦ ሲኬድ ደግሞ ደጋው ከፍ እያለ ሄዶ በየቦታው ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ውርጫማ አገር ይሆናል። በመካነ ሰላም ከፍታ የሚኖር ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳር ከሚኖረው ሰው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ የደጋው ሰው ሰውነት የለመደው ነው። ነገር ግን ከጭስ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ሲሻማ፣ ቀድሞውኑ ትርፍ የሌለው ሰው ይበልጥ መጎዳቱ አይቀርም።

የቤቱ አሠራርም ከብርዱ የተወለደ ነው። ውርጭ ባለበት አገር ሰፊ መስኮት የሚያወጣ ገበሬ የለም። ግድግዳው በድንጋይ ወይም በጭቃ ይደፈናል፤ ጣራው በሣር ይከደናል፤ በሩ ጠባብ ይሆናል። በሌሊት ጥጃውና በጉ ከሰው ጋር ያድራል። እሳቱ ለማብሰያ ብቻ ሳይሆን ለመሞቂያና ለብርሃንም ስለሚያገለግል ከማለዳ እስከ ምሽት አይጠፋም፤ ሲዳፈንም ረመጡ ማጨሱን አይተውም። ጭሱ የሚወጣው በሣሩ ክዳን ውስጥ እየተጣራ ነው። ከሩቅ ለሚያይ መንገደኛ በማለዳ ከየጎጆው አናት ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ጭስ የሰላምና የኑሮ ምልክት ሆኖ ይታየዋል፤ ከውስጥ ያለችው ሴት ግን በዚያ ሰዓት ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትንፋሿን ለእሳቱ ትሰጣለች።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት የማገዶው ዓይነት ነው። የምዕራብ ወሎ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት የታረሰ አገር ነው። የቀድሞው ደን ምን ይመስል እንደ ነበር ለማየት ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት ወደሚጠበቀው ወደ ደንቆሮ ጫካ መሄድ ያሻል፤ ከዚያ ውጭ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየገደሉ ጥግ ያለ ነው። ዛፍ ባለቀበት አገር የማገዶው ሸክም የወደቀው በከብቱ ላይ ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች እበት ይሰበስባሉ፤ ጠፍጥፈው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ኩበት ይሆናል። የኩበት ሙቀት ከእንጨት ያነሰ፣ ጭሱ ግን የበዛ ነው። ጥናቶች ማገዶን በደረጃ ሲያስቀምጡ ኤሌክትሪክንና ጋዝን ከላይ፣ ከሰልን ከመካከል፣ እንጨትን ከዚያ በታች፣ ኩበትንና አገዳን ከመጨረሻው ላይ ያደርጋሉ። ስለዚህ የደጋዋ ሴት በመሰላሉ የመጨረሻ እርከን ላይ ቆማለች ማለት ነው። ለማሳው ማዳበሪያ ይሆን የነበረው እበት በምድጃ ውስጥ ስለሚቃጠልም ጉዳቱ በሳንባ ብቻ አያበቃም፤ ወደ እህሉና ወደ ልጆቹ ምግብ ይሻገራል።

ከዚህ ላይ የእንጀራው ነገር ይጨመራል። ምጣድ ሰፊ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋል ስለሚኖርበት ጋጋሪዋ ጭራሮውንና ኩበቱን በየአቅጣጫው እያስገባች፣ እፍ እያለች፣ ፊቷን ከእሳቱ ሳታርቅ ሁለትና ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች። ከኢትዮጵያ ቤተሰብ ማገዶ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚውል የኃይል ጥናቶች ሲያመለክቱ ቆይተዋል። በዚህ ሰዓት ሕፃኑ ያለው በጀርባዋ ላይ ነው።

ጭስ መድኃኒት በነበረ ጊዜ

ይህን ሁሉ ብለን ሕዝቡ ስለ ጭስ ያለውን አመለካከት ባላዋቂነት ብንፈርጅ ታላቅ ስሕተት ይሆናል። በባህላችን ጭስ ጠላት ብቻ ሆኖ አያውቅም። የወተቱ ዕቃና የጠላው ጋን በወይራና በጥንጁት ይታጠናል፤ ይህም ጠረን ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ከብልሽት ለመጠበቅ ነው። ከምድጃው በላይ የሚንጠለጠለው ጥቀርሻ የጣራውን ሣርና እንጨት ከነቀዝና ከምስጥ ይከላከላል። ለዘር የተመረጠው እህል ከጭሱ በላይ ይሰቀላል። በወሎ ወይባ የታወቀ ነው፤ አራስም ሙሽራም በወይባ ጭስ ትታጠናለች፤ ገላዋ ይለሰልሳል፤ ድካሟም ይወጣል ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ዕጣን ይታጠናል፤ በሙስሊሙም ቤት የዱዓው ቡናና ዕጣን አይለያዩም። እንዲህ ባለ አገር ተነሥቶ «ጭስ ይገድላል» ብቻ ብሎ የሚያስተምር የጤና ሠራተኛ ሰሚ ባያገኝ ሊደነቅ አይገባውም።

የዚህ እምነት ትልቁ ምስክር ከተማ ውስጥ ይገኛል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ «የኅዳር በሽታ» የሚለውን ስም ሲያገኝ፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ እንደ ፈጀ ይነገራል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ከሞት አፋፍ የተመለሱት ያን ጊዜ ነበር። ከዚያ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ የሚነገረው ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ነው። ኅዳር 12 ቀን በየመንደሩ ቆሻሻ ተጠርጎ፣ ተከምሮ ይቃጠላል፤ በሽታው ከጭሱ ጋር እንዲሄድ ነው። የዚህ ዓይነቱ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1665 በለንደን ወረርሽኙ ሲጸና የከተማው ሹማምንት አየሩን ለማጽዳት በየጎዳናው እሳት እንዲነድ አዝዘው ነበር። በሽታ ከሚሸት አየር ይመጣል በሚባልበት ዘመን እሳት ትክክለኛ መልስ መስሎ መታየቱ አያስገርምም። እንዲያውም ቆሻሻን ከመንደር መጥረግ የሚለው የልማዱ ግማሽ ዛሬም የሚደገፍ የጤና ሥራ ነው። ችግሩ ያለው በሌላው ግማሽ ነው። የዛሬው የከተማ ቆሻሻ ገለባና ቅጠል ብቻ ሳይሆን ፕላስቲክና ጎማ ነውና፣ በዚያ ቀን አስም ያለበት ሰው ምን እንደሚገጥመው ለሐኪም መንገር አያሻም።

ሕክምናው እንዴት ተማረ

የአየር ብክለት ታሪክ በሚጻፍበት ሁሉ የለንደን ጭጋግ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ጆን ኢቭሊን የተባለው ጸሐፊ በለንደን ላይ ስለ ተንሰራፋው የከሰል ጭስ መጽሐፍ ጽፎ ለንጉሡ ያቀረበው በ1661 ነበር፤ ሰሚ ለማግኘት ግን ወደ 300 ዓመት ፈጅቷል። ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 ድረስ ብርድና ነፋስ አልባ አየር ጭሱን በከተማዋ ላይ አፍኖ ሲያቆየው፣ በመጀመሪያው ግምት 4,000፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በተደረገው ስሌት ደግሞ ወደ 12,000 የሚደርስ ሰው አለቀ። የንጹሕ አየር ሕግ የወጣው በ1956 ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ከፋብሪካውና ከኃይል ማመንጫው ሌላ የዚያ ጭስ ታላቅ ክፍል የመጣው ከመኖሪያ ቤቶች ምድጃ ነበር፤ ሕጉም ከመቱት ሁለት ዒላማዎች አንዱ ይኸው የሳሎን እሳት ነው። ስለሆነም የከተማ ብክለት ዓይነተኛ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው የለንደን ጭጋግ እንኳ ሥሩ ሲመረመር ከጉልቻ ዘመድነት አያመልጥም።

የእኛን ሴቶች የሚመለከተው ትምህርት ግን የመጣው ከለንደን አይደለም። በ1959 የልብ ሐኪሟ ሲቫራማክሪሽና ፓድማቫቲና ባልደረባቸው በዴልሂ ሆስፒታል የሚያዩአቸውን፣ በሳንባ በሽታ ምክንያት የቀኝ ልባቸው የደከመ ሕሙማን መዝግበው አሳተሙ። በአውሮፓ ይህ የአጫሽ ወንዶች በሽታ ነበር። በዴልሂ ግን ሲጋራ የማያጨሱ ሴቶች በብዛት፣ ያውም በለጋ ዕድሜ ይገኙበት ነበር፤ ተመራማሪዎቹም ጣታቸውን ወደ ኩበቱና ወደ እንጨቱ ጭስ ቀሰሩ። ፓድማቫቲ በ103 ዓመታቸው በ2020 እስካረፉ ድረስ የሕንድ የልብ ሕክምና እናት እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በ1968 ደግሞ ሁለት ጽሑፎች ታተሙ፤ አንዱ በሌጎስ በብሮንኮኒሞኒያ የታመሙ ሕፃናት በሚኖሩባቸው ቤቶች ውስጥ ያለውን ጭስ፣ ሌላው በኒው ጊኒ ደጋማ አገር ጎጆዎች ውስጥ ያለውን አየር የሚመለከቱ ነበሩ። የኒው ጊኒው ጽሑፍ ለወሎ ሐኪም ልዩ ትርጉም አለው። ከፍታው፣ ብርዱ፣ ጭስ ማውጫ የሌለው ጎጆ፣ ሳያጨሱ በሳንባ በሽታ የሚሠቃዩ ጎልማሶች፣ ሁሉም የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሜሪካዊው ኪርክ ስሚዝ በሕንድ መንደሮች መለኪያውን በሴቶቹ ልብስ ላይ አንጠልጥሎ በመመዘን ነገሩን ከግምት ወደ ቁጥር አሸጋገረው።

በአገራችን ሰፊው የገጠር መለኪያ የተካሄደው በቡታጅራ ነው። በ2009 የታተመው የእነ ዶክተር አበራ ቁሜ ጥናት በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መጠን በአማካይ የዓለም ጤና ድርጅት ያኔ ካስቀመጠው ዓመታዊ ወሰን ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። በ2014 በአዲስ አበባ ጎስቋላ መንደሮች የተደረገው ጥናት ደግሞ በቤት ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው፣ በ24 ሰዓት አማካይ ከ800 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ በላይ ሆኖ አገኘው። ድርጅቱ በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን 15 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው የከተማ አየርና የቤት አየር የሚሉት ሁለት ርእሶች ምን ያህል አንድ እንደ ሆኑ ይገነዘባል። በ800 ማይክሮግራም ውስጥ የምትውለው የአዲስ አበባ ሴት የምትታመመው በከተማ ውስጥ ነው፤ የበሽታዋ ምክንያት ግን ከቦረናዋ እኅቷ ጋር አንድ ነው።

ጉልቻ ወደ ከተማ ሲገባ

አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመናመነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ አዲስ ዓለምን አዲስ መናገሻ ለማድረግ ማሰባቸው ከዚህ የማገዶ ችግር ጋር የተያያዘ ነበር። ከተማዋን ካለችበት እንድትቆይ ያደረጋት በ1890ዎቹ አጋማሽ ከባሕር ማዶ መጥቶ በፍጥነት የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ነው። ስለ ባሕር ዛፍ ጥቅምና ጉዳት በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ተከራክረውበታል፤ በሕክምናው በኩል ግን የባሕር ዛፍ ታሪክ የጭስ ታሪክ መሆኑ እምብዛም አልተነገረም። ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ከመቶ ዓመት በላይ የከተማዋን ምድጃ መግበዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከወሎና ከሌሎች ክፍላተ አገር በረሃብና በችግር የመጡ ናቸው። ወደ ከተማ ሲሰደዱ ጭሱን ትተውት አልመጡም፤ ይልቁንም ከሰፊው ደጋ ወደ አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ይዘውት ገቡ።

የመኪናው ጭስ የተደረበው በዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ በተራሮች የተከበበች ስለሆነች በበጋ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛና የምድጃውንም የናፍጣውንም ጭስ አብሮ ያፍናል። ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረው ሊድ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከታወቀ ብዙ ቢቆይም፣ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ከእርሱ የተላቀቁት እስከ 2005 መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። ከዓለም ሁሉ የጠፋው አልጄሪያ በ2021 ስታቆም ነበር። ይህ በእኔ እምነት ከሁሉ የበለጠ የተሳካ፣ ከሁሉ ያነሰ የተወራለት የአየር ጤና ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች። በዚህ ረገድ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች ማለት ይቻላል። ነገር ግን መኪናው በኤሌክትሪክ እየሄደ ምጣዱ በቅጠል የሚነድበት ከተማ ግማሽ ታሪኩን ብቻ እንዳሻሻለ አለመዘንጋት ነው።

ምርጥ ምድጃና ያልተጠበቀው ውጤት

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የምጣድ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። «ላቀች» የተባለውም የከሰል ምድጃ በየከተማው ታውቋል። ሁሉም ለደን ጥበቃ ተብለው የተጀመሩ ነበሩ፤ የጤናው ተስፋ በኋላ የተጨመረ ነው። ተስፋው ግን በጥናት ሲፈተን መልሱ እንዳሰብነው አልሆነም። በጓቴማላ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በተሰጣቸው ቤቶች የጠና የሳንባ ምች መቀነሱ በ2011 ታተመ፤ አጠቃላዩ የሳንባ ምች ቁጥር ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት የ2017 ጥናት ልዩነት አላገኘም። በእኛው ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተካሄደውና በ2021 የታተመው ጥናትም የተሻሻለው ምድጃ የሕፃናትን የታችኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሰ ዘገበ። በአራት አገሮች ጋዝ በነፃ የታደለበት ትልቁ ሙከራ እንኳ፣ ጭሱን በብዙ እጅ ቢቀንስም፣ የሕፃናቱን የልደት ክብደትም ሆነ የጠና ሳንባ ምቹን አላሻሻለም።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ጭስ አይጎዳም» ወደሚል መደምደሚያ ቢሄድ ይሳሳታል። ከግማሽ ሺህ ማይክሮግራም ወደ ሁለት መቶ የወረደ ቤት አሁንም ከወሰኑ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው፤ ሳንባ ይህን ቅናሽ ላያስተውለው ይችላል። የጎረቤቱም ጭስ በበሩ ይገባል። ከዚህም በላይ በአገራችን አምስት ዓይነት መከላከያ የያዘው ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 ስለ ተጀመሩ የሕፃናት ሳንባ ምች መልኩ ተቀይሯል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙከራዎቹ የለኩት ማንን ነው የሚለው ጥያቄ ይመስለኛል። የለኩት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ በሕፃናት ላይ የሚታየውን ነው። አርባ ዓመት በምድጃ ዳር የተቀመጠችውን ሴት ሳንባ በአሥራ ስምንት ወር ሙከራ መመዘን አይቻልም። የእርሷ በሽታ በቁጥር ውስጥ የለችም።

ከካርዱ ላይ የጎደለው

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ጤና ተቋም ስሠራ፣ ለወራት የሳሉ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ሽቅብ መውጣት የተሳናቸው እናት መጡ። አክታቸው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ የሳንባ ነቀርሳ አልተገኘበትም፤ ቢሆንም የነቀርሳ መድኃኒት ቀድሞ ተሰጥቷቸው ጨርሰዋል። ሲጋራ ያጨሱ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው በጥያቄው ከመሣቅ በቀር መልስ አልሰጡኝም። እኔም በካርዱ ላይ «አያጨሱም» ብዬ ጻፍሁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ። ልብሳቸው የኩበት ጭስ ይሸት ነበር፤ አሽትቼዋለሁ፤ የታሪካቸው አካል ነው ብዬ ግን አልጻፍሁትም። እንዲህ ያሉ እናቶች ዛሬም በየካርዱ ላይ በአስም፣ በነቀርሳ ወይም በልብ ድካም ስም ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ምድጃው ግን አልተመዘገበም። ያልተመዘገበው ነገር በወረዳው ሪፖርት፣ ከዚያም በክልሉ ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

የሕንድ የሳንባ ሐኪሞች ለዚህ ቀላል ስሌት አላቸው። አጫሽን በፓኬትና በዓመት እንደምንቆጥር ሁሉ ምግብ የምታበስልን ሴት በቀን በምድጃ ዳር በምታሳልፈው ሰዓትና ይህን ባደረገችባቸው ዓመታት ብዛት አባዝተው ይመዘግባሉ። በስምንት ዓመቷ እናቷን ማገዝ የጀመረች፣ አሁን ሃምሳ ዓመት የሆናት፣ በቀን አራት ሰዓት ከእሳት ዳር የምትቀመጥ የቦረና ወይም የሳይንት ሴት 168 የሰዓት ዓመት ይኖራታል። ማገዶው ኩበት፣ እንጨት ወይስ ከሰል እንደ ሆነ፣ ማድ ቤቱ ከመኝታው የተለየ መሆን አለመሆኑ፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አድሮ ያውቅ እንደ ሆነ መጠየቅም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ጥያቄው መሣሪያ አይፈልግም፤ በጀትም አይጠይቅም። እኔ የእኒያን እናት ቁጥር ዛሬ ላሰላው ብፈልግ እንኳ አልችልም፤ በስንት ዓመታቸው እሳት ማንደድ እንደ ጀመሩ አልጠየቅኋቸውም ነበርና።